ዕለታዊ ልኬት ወይስ የነርስ ስልክ?

ሲኦፒዲ በመባል የሚታወቀው ሥር የሰደደ የሳንባ ሕመም ያለበትን ሰው ቤቱ ሆኖ ለመከታተል ሁለት መንገዶች አሉ። በአንደኛው ታማሚው የደሙን ኦክስጅን በየቀኑ በጣት መለኪያ ለክቶ፣ ስለ ትንፋሹና ስለ አክታው ለሚቀርቡለት ጥያቄዎች ከሰጠው መልስ ጋር ይልካል፤ በሌላው የምታውቀው ነርስ በቀጠሮ ትደውላለች።

የመጀመሪያው ይበልጥ አስተማማኝ ይመስላል። ሆኖም በስኮትላንድ፣ በሎዚያን አካባቢ በ256 ታማሚዎች ላይ ተካሂዶ በ2013 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት፣ ዕለታዊ ልኬትን በመደበኛው ክትትል ላይ መጨመር ሆስፒታል መግባትን እንዳላዘገየ አሳይቷል። በእኔ ግምት የኦክስጅን መጠን ዘግይቶ የሚደርስ ምስክር ነው፤ ኦክስጅን ለሚሰጣቸው ብዙ የሲኦፒዲ ታማሚዎች ዒላማው ራሱ ከጤነኛ ሰው መጠን ዝቅ ብሎ ከ88 እስከ 92 በመቶ በመሆኑም ቁጥሩ ታማሚውን ከማያውቅ ሰው እጅ ሲገባ በቀላሉ ያሳስታል።

ነርሷ በበኩሏ ዓረፍተ ነገር መሐል የሚቆራረጠውን ትንፋሽ ትሰማለች፣ የአክታው ቀለም መለወጡን ትጠይቃለች፣ በአፍ የሚሳበውን መድኃኒት (ፓፉን) እንዴት እንደሚስብ አስረድቶ እንዲነግራት ታደርጋለች። ድክመቷ በሁለት ጥሪዎች መካከል ያለው ክፍተት ነው፤ ስለዚህ መለኪያውን ብቻውን ለሚኖርና ለመደወል ለሚያመነታ ሰው በተጨማሪነት ብቻ እመርጠዋለሁ። ከንፈሩ የጠቆረ ወይም ግራ መጋባት የጀመረው ታማሚ ግን ሁለቱንም ሳይጠብቅ፣ በስኮትላንድ ከሆነ ወደ ድንገተኛ ጥሪ ቁጥሩ 999፣ ሊደወልለት ይገባል።