የልጆችን የማሳደግና የጉብኝት ስምምነት በጠበቃ ማዘጋጀት፦ በድሬዳዋ ያገኘሁት አገልግሎት ሲመዘን

ከቀድሞ ባለቤቴ ጋር በስምምነት ስንፋታ፣ ሁለቱ ልጆቻችን ከማን ጋር እንደሚያድጉና ሌላው ወላጅ መቼና እንዴት እንደሚያገኛቸው የሚወስነውን ሰነድ ያዘጋጀልን ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር የሚገኝ አንድ የጥብቅና ቢሮ ነው። ጉዳዩ የልጆች ስለሆነ የቢሮውንም ሆነ የጠበቃዋን ስም አልጠቅስም። ሆኖም ተመሳሳይ ሁኔታ የገጠመው ወላጅ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ገንዘብ ከማውጣቱ በፊት ምን እንደሚያገኝና ምን እንደማያገኝ ቢያውቅ ይጠቅመዋል። ጠበቃዋ የተከፈላቸውን ያህል፣ እንዲያውም ከዚያ በላይ ሠርተዋል፤ የሥራቸው ዋጋም ያለው በክርክር ችሎታቸው ሳይሆን እኛ ያላሰብናቸውን ጥያቄዎች አስቀድመው በመጠየቃቸውና መልሱን ፍርድ ቤት ሊያስፈጽመው በሚችል አነጋገር በመጻፋቸው ነው። የቢሮው የጽሕፈትና የሒሳብ አሠራር ግን የዚያን ያህል አላረካኝም።

ሁኔታችን የሚከተለው ነበር። እኔ የምኖረው ድሬዳዋ ሳቢያን ሲሆን፣ የልጆቼ እናት ነርስ በመሆኗና ሥራዋ ወደ ሐረር በመዛወሩ ልጆቹ ከእሷ ጋር እንዲኖሩ ሳንከራከር ተስማምተናል። ትልቋ ሦስተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ያን ጊዜ ገና ሦስት ዓመት አልሞላውም። ሽማግሌዎች የንብረቱን ነገር ጨርሰውልን ስለነበር፣ ፍርድ ቤት ደጃፍ ከሚቀመጡት ራፖር ጸሐፊዎች አንዱ ስምምነታችንን በአንድ ገጽ አስፍሮልን ነበር። ስለ ልጆቹ የተጻፈው አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፦ «አባት በሚመቻቸው ጊዜ ልጆቻቸውን መጠየቅ ይችላሉ፤ እናትም አይከለክሉም።» ወደ ጠበቃዋ የሄድነው ይህንኑ ወረቀት አይተው እንዲያስገቡልን ነበር።

ጠበቃዋ ወረቀቱን አንብበው ሲያበቁ፣ «እናት አዳር ተረኛ በሆነችበት ሌሊት አባት ቢመቸውና ቢመጣስ? አልከፈተችለትም ተብሎ አፈጻጸም ቢጠየቅ ዳኛው ምን ብለው ይዘዙ?» አሉን። አብረውን የመጡት የልጆቼ እናት አጎት ነገሩ አልጣማቸውም፤ «አቦ፣ አባትና ልጅ በሰዓት ይገናኛል እንዴ?» ብለው ተቆጡ። ጠበቃዋ «አባባ፣ እስከተስማሙ ድረስ ወረቀቱን ማንም ከመሳቢያ አያወጣውም፤ የምጽፈው ላልተስማሙበት ቀን ነው» ሲሉ መለሱላቸው። አጎትየው ባያምኑበትም ከዚያ በኋላ ዝም ብለው አዳመጡ።

የሕጉን መሠረት ያስረዱበት መንገድ ግልጽና ያልተንዛዛ ነበር። በድሬዳዋ የሚሠራው በ1992 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213 ነው። ሐረር ደግሞ የሐረሪ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ትዳራችንም ኑሯችንም ድሬዳዋ ስለነበር መዝገቡ የተከፈተው በፌዴራል የመጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት የድሬዳዋ ምድብ ችሎት ነው። የአዋጁ አንቀጽ 113 ፍርድ ቤቱ ፍቺን ሲወስን የልጆችን አኗኗር፣ ትምህርት፣ ጤንነት፣ ቀለብና ከወላጆቻቸው ጋር የመገናኘት መብት አብሮ እንዲወስን ያዛል፤ በዚህም ጊዜ የወላጆቹን ገቢ፣ ዕድሜ፣ ጤንነትና የአኗኗር ሁኔታ እንዲሁም የልጆቹን ዕድሜና ጥቅም ማመዛዘን አለበት። ከአምስት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ያለ ክርክር ለእናት ይሰጣል የሚለው፣ በእኛ አካባቢ እስከ ዛሬ እንደ ሕግ የሚነገረው ነገር፣ የመጣው ከ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ሲሆን በተሻሻለው ሕግ ውስጥ እንደሌለ የሰማሁት ከእሳቸው ነው። እኔ ትንሹ ከእናቱ ጋር እንዲሆን የተስማማሁት በሌላ ምክንያት ቢሆንም፣ ይህን ሳያውቁ ተስፋ ቆርጠው የሚቀሩ አባቶች፣ በተቃራኒውም አምስት ዓመት ሲሞላ ይወሰድብኛል እያሉ የሚሰጉ እናቶች ብዙ ሳይሆኑ አይቀሩም።

የሕፃኑ ጥቅም ይቅደም የሚለው መርሕ የይስሙላ ሐረግ እንዳልሆነ ለማሳየትም በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ የተደነገገውን ነገሩን፤ አስከትለውም የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት በመዝገብ ቁጥር 23632 የሰጠውን ውሳኔ አነሡ። በዚያ መዝገብ ችሎቱ ልጅን ለረጅም ጊዜ ያሳደገች አክስትን ከወላጅ አባት አስቀድሟል። ይህን ስሰማ ትንሽ እንደ መደንገጥ ብያለሁ። አባትነት ብቻውን የማይረታበት ጊዜ እንዳለ ማወቅ ግን ለስምምነቱ ሥራ ጥሩ መነሻ ሆኖናል።

ዋናው ሥራ ፕሮግራሙን ማውጣቱ ነበር፤ ገንዘቤ አልባከነም የምለውም በዚህ ክፍል ነው። ጠበቃዋ ሁለታችንንም የልጆቹን የትምህርት ቤት ካሌንደር፣ የእናታቸውን የተረኝነት ሠንጠረዥና የእኔን የሥራ ሰዓት ይዘን እንድንመጣ ካደረጉ በኋላ የዓመቱን መልክ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን አብረውን አወጡ። ትልቋ ትምህርት ከተጀመረበት የመጀመሪያው ዓርብ ጀምሮ በየሁለት ሳምንቱ ከእኔ ጋር ትሆናለች። ዓርብ ከትምህርት ቤቷ በር ላይ የምረከባት እኔ ነኝ፤ እሁድ ከቀኑ 10 ሰዓት ሐረር እናቷ ቤት የማደርሳትም እኔው ነኝ። የጉዞውን ወጪ ማን ይችላል፣ ወላጅ ካልቻለ ማን ሊወክለው ይችላል፣ ልጅ ለብቻዋ ሚኒባስ ላይ ተሳፍራ ለሹፌር አደራ መሰጠቷ የተፈቀደ ነው ወይ የሚሉት ሁሉ ተጽፈዋል (የመጨረሻው በፍጹም ተከልክሏል፤ በእኛ መንገድ የተለመደ መሆኑን የሚያውቅ ያውቀዋል)። ሁለቱ ከተሞች 55 ኪሎ ሜትር ያህል ቢራራቁ ነው፤ ነገር ግን በመሐል ባለው የደንገጎ ዳገት ላይ መኪና ሲገለበጥ ወይም መንገድ ሲዘጋ ሰዓቱን ማክበር ስለማይቻል፣ እንዲህ ያለ ችግር የደረሰበት ወላጅ ወዲያው ስልክ ከደወለ መዘግየቱ ጥፋት አይባልም፣ ልጅቷም በጨለማ ቁልቁለቱን እንድትወርድ አይደረግም የሚል አንቀጽ ገብቷል። የደንገጎን መንገድ የማያውቅ ሰው ይህን አንቀጽ ሊጽፈው አይችልም፤ አዲስ አበባ የተዘጋጀ ናሙና ቀድቶ የሚያመጣልህ ጸሐፊም አያስበውም።

ትንሹን በሚመለከት ፕሮግራሙ ደረጃ በደረጃ እንዲሆን ተደርጓል። አራት ዓመት እስኪሞላው ድረስ ማደሪያው ሐረር ሆኖ እኔ ቅዳሜ ቅዳሜ በቀን እዚያው ሄጄ አገኘዋለሁ፤ ከዚያ በኋላ በወር አንድ ሌሊት፣ ትምህርት ሲጀምር ደግሞ እንደ እህቱ ይሆናል። እኔ መጀመሪያ ሁለቱም እኩል ይምጡልኝ ብዬ ነበር። ጠበቃዋ ተቃውሞዬን አላጣጣሉም፤ ነገር ግን ሁለቱን ወላጆች በተናጠል አነጋግረው ሕፃኑ እንዴት እንደሚተኛ፣ ምን እንደሚበላ፣ የድሬን ሙቀት ለምዶ እንደሆነ ከጠየቁ በኋላ ነው ይህን ሐሳብ ያቀረቡት።

ከሁሉ የከበደው የበዓል ድልድል ነበር። የተለመደው አጻጻፍ «በዓላት በየተራ» የሚል ሲሆን፣ ተራው ከየትኛው ዓመት እንደሚጀምርና የበዓሉ ቀን ከመደበኛው የዓርብ ተራ ጋር ሲጋጭ የትኛው እንደሚቀድም አይናገርም። የእኛ ላይ ዓመተ ምሕረቱ በሙሉ ቁጥር ሲያበቃ ገና ከእኔ ጋር፣ ፋሲካ ከእናታቸው ጋር እንደሚውሉ፣ በጎዶሎው እንደሚገለበጥ፣ የበዓል ድልድልም ከመደበኛው ፕሮግራም እንደሚቀድም ሰፍሯል። የልጆቼ እናት በየዓመቱ ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ገብርኤል የምትሄድበት ስለት ስላለባት፣ ያ ቀን ያለ ተራ የእሷ ሆኗል፤ በምላሹ ጥምቀትን እኔ ወስጃለሁ። ይህ ልውውጥ ከጠበቃዋ የመጣ ሐሳብ አልነበረም፤ አጎትየው ናቸው ያነሡት። ጠበቃዋ ወዲያው ጻፉት።

ቀለቡ በየወሩ እስከ አምስተኛው ቀን በባንክ ወይም በቴሌብር እንዲላክና የተላከበት ማረጋገጫ ማስረጃ እንዲሆን፣ የቀለብ መዘግየት ጉብኝትን ለመከልከል፣ የጉብኝት መስተጓጎልም ቀለብን ለማቆም ምክንያት እንዳይሆን ተጽፏል። ጅቡቲ ዘመድ ስላለን ልጆቹን ከአገር ማስወጣት የሁለቱንም ወላጆች የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። በእነዚህ ላይ ብዙ አልተነጋገርንም።

ችሎት ላይ የገጠመን ነገር ሰነዱ እንከን የለሽ እንዳልነበር አሳይቷል። ፍርድ ቤቱ በስምምነት የሚደረግን ፍቺ ከማጽደቁ በፊት ተጋቢዎቹን ያነጋግራል፤ እስከ ሦስት ወር የሚደርስ የማሰቢያ ጊዜም ሊሰጥ ይችላል፤ ለእኛም ሰጥቶናል። ስምምነቱ የልጆችን ጥቅም በበቂ ሁኔታ አያስጠብቅም ብሎ ካመነም፣ በአንቀጽ 80 መሠረት ፍቺውን ብቻ አጽድቆ ጉድለቱን ራሱ ማረም ይችላል። ዳኛዋ ትልቋን ልጃችንን ለብቻዋ ካነጋገሩ በኋላ የክረምቱን ድልድል አልተቀበሉም። እኛ ሐምሌን ሙሉና የነሐሴን ግማሽ በተከታታይ ለእኔ ያደረግነውን፣ ልጅቷ ከወንድሟ ያን ያህል ተለይታ እንዳትቆይ በሚል በሁለት ከፍለው፣ በመሐሉ ከእናቷ ጋር የምትሆንበት ጊዜ አስገቡበት። ጠበቃዋ ለትንሹ ያን ሁሉ ሲጠነቀቁ ወንድምና እህት አብረው የሚሆኑበትን ጊዜ አላሰሉም፤ እርግጥ እኛም ወላጆቹ አላሰብነውም፤ ይሁን እንጂ ክፍያው የሚከፈለው ለእንዲህ ያለው ነገር ስለሆነ ይህን እንደ ጉድለት እቆጥረዋለሁ።

የቢሮው ረዳት ሥራ ደካማ ነው። የልጄን ስም በልደት ምስክር ወረቀቱ ላይ ካለው «ሐ» ይልቅ በ«ሀ» ጽፈውት ሬጅስትራር መዝገቡን መልሶታል፤ እሱ ሲታረም ደግሞ የልደት ቀኗ ላይ የፈረንጅና የሐበሻ አቆጣጠር ተምታቶ ተገኘ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ እስኪበርድ ቢሮው ስለሚዘጋ የተሳሳተ ገጽ ለማሳረም ጠዋት ሥራ ማስፈቀድ ግድ ነበር። ዋጋን በተመለከተ ግማሹን ውል ስንፈራረም፣ ቀሪውን ውሳኔው ሲሰጥ ለመክፈል የተስማማን ሲሆን ጠበቃዋ ከዚያ ሳንቲም አልጨመሩም። የቅጂ፣ የትራንስፖርትና የውሳኔ ግልባጭ ማውጫ ወጪዎች ግን በውሉ ውስጥ ስላልተጠቀሱ ረዳቱ በየጊዜው ይጠይቀን ነበር፤ ገንዘቡ ትንሽ ቢሆንም ደረሰኝ የሌለው ጥያቄ ደስ አይልም።

አገልግሎቱ ለማን ይስማማል የሚለውን ስናይ፣ በመሠረቱ ተስማምተው ዝርዝሩን ላላወቁ ወላጆች እመክረዋለሁ። አንደኛው ወገን ልጅ የደበቀ ወይም እጁን የሚያነሣ ከሆነ ጉዳዩ የስምምነት አይደለም፤ የፍቺ አቤቱታ ቀርቦ ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ ስለ ልጆቹ አኗኗርና ቀለብ ጊዜያዊ ትእዛዝ የሚጠይቅ ተከራካሪ ጠበቃ ያስፈልጋል። ሙስሊም የሆኑ ባልና ሚስት ሁለቱም በፈቃዳቸው ከተስማሙ በአዋጅ ቁጥር 188/1992 የተቋቋመው የፌዴራል የሸሪዓ ፍርድ ቤት ድሬዳዋ ላይ አለላቸው። አቅም ለሌለው ሰው ደግሞ የሐረማያና የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲዎች የሕግ ትምህርት ክፍሎች ነጻ የሕግ ድጋፍ ይሰጣሉ፤ ለሴቶች የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር አለ።

ከጠበቃ ጋር ውል የሚፈራረም ሰው ጠበቃው በፌዴራል ፍርድ ቤት ለመቆም ፈቃድ ያለው መሆኑን ያረጋግጥ፤ የክልል ፈቃድ ብቻ ያለው ሐረር ላይ ቢሠራም የድሬዳዋው ምድብ ችሎት ፊት ሊቆምለት አይችልም። የልጆቹን የልደት ምስክር ወረቀት ዋናውን ይዞ ይቅረብ፤ የተተየበውን ስምና ቀን ፊደል በፊደል ራሱ ያመሳክር። ሁኔታ ሲለወጥ ፍርድ ቤቱ የልጆቹን ነገር እንደገና እንዲያይ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ያ ማሻሻያ በመጀመሪያው ክፍያ ውስጥ ይካተት ወይስ አዲስ ውል ይጠይቅ የሚለውንም በጽሑፍ ያስገባ። የእኛው ውል ስለዚህ ምንም አይልም፤ ትንሹ ትምህርት ቤት ሲገባ ምናልባት ልንከፍል ነው።