መምህሩን ማሰማራት ወይስ ተመልካቹን ማንቃት?

በ1982 (እ.ኤ.አ.) መገባደጃ በኖርዌይ ሦስት ወንድ ልጆች ራሳቸውን አጠፉ። ምክንያቱ የእኩዮቻቸው ጉልበተኝነት ሳይሆን አይቀርም ተባለ። በማግሥቱ ዓመት ጉልበተኝነትን የሚቃወም አገር አቀፍ ዘመቻ ተጀመረ፤ የሥነ ልቦና ተመራማሪው የዳን ኦልቬዎስ የትምህርት ቤት ፕሮግራምም ከዚያ ተወለደ። ፊንላንዶች ደግሞ ኪቫ የተባለውን የራሳቸውን ፀረ ጉልበተኝነት ፕሮግራም በቱርኩ ዩኒቨርሲቲ አዘጋጅተው በ2009 በመላ አገሪቱ ዘረጉ።

ኦልቬዎስ የሚተማመነው በአዋቂው ነው። ግልጽ ደንብ ይወጣል፣ በእረፍት ሰዓት መምህራን ግቢውን ይቃኛሉ፣ ጥፋት ሲገኝ ወላጅ ይጠራል። «ወላጅ አምጣ» እየተባለ ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ልዩነቱ መምህሩ አጥቂውንና ተጠቂውን ለየብቻ ማነጋገሩ ነው፤ እኛ የለመድነው «በሉ ተሳሳሙና ታረቁ» ግን ተጠቂውን መልሶ ለጉልበተኛው ማስረከብ ነው።

ኪቫ ዐይኑን የሚጥለው በተመልካቹ ላይ ነው። የፊንላንዳዊቷ ተመራማሪ የክሪስቲና ሳልሚቫሊ ጥናት እንዳሳየው ጉልበተኛው ብቻውን አይቆምም፤ የሚያግዘው አለ፣ የሚስቅለት አለ፣ አይቶ እንዳላየ የሚያልፍም አለ። የሚስቅለት ካጣ ክብሩ ይቀንሳል። ስለዚህ ልጆች ከተጠቂው ጎን መቆምን በክፍል ውስጥ በውይይትና በኮምፒውተር ጨዋታ ይለማመዳሉ። ጥቃት ሲደርስ የሠለጠኑ መምህራን ጉዳዩን ይይዛሉ፤ የክፍሉ መምህርም ተወዳጅ የሆኑ ጥቂት ልጆችን መርጦ ተጠቂውን እንዲደግፉ ይጠይቃል። ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው፤ የተገፋ ልጅ ከቅጣቱ ይልቅ አብሮት ምሳ የሚበላ ጓደኛ ይናፍቃል።

አቅሙ ውስን በሆነ ትምህርት ቤት መምህራን በእረፍት ሰዓት በየተራ ግቢውን በሚጠብቁበት አሠራር ብጀምር እመርጣለሁ፤ የሚፈልገው የተራ ሰሌዳ ነው። ጉልበተኝነቱ ወደ ስልክና ወደ ቤት መመለሻው መንገድ ከተሻገረ ግን መምህሩ አይደርስበትም፤ እዚያ ያሉት ተመልካቾቹ ብቻ ናቸው።