የድሮ የጋብቻና የቀብር መዝገብ ለሚያነቡልን መሪጌታ ምስጋና፣ ለምትፈልጉም ጥቆማ

በአዲስ አበባ የድሮ የደብርና የእድር መዝገብ እያነበቡ ለብዙዎቻችን ቤተሰቦች የቅድመ አያት ስም ያገኙልንን መሪጌታ በአደባባይ እናመሰግናለን። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ስማቸው በአደባባይ እንዲወጣ ስላልፈለጉ አልጻፍነውም፤ ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እንሰጣለን። እዚህ የምንዘረዝረው አሠራራቸውን ነው፤ ሌላ ሰው ለምታሠሩም መለኪያ ይሆናችኋል።

ብዙ ሰው መጀመሪያ ወረዳ ሄዶ ይጉላላል። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ክብር መዝገብ፣ ማለትም ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት ምዝገባ፣ ቢደነግግም ያ ክፍል ሥራ ላይ ሳይውል ኖሯል። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአዋጅ ቁጥር 760/2004 መሠረት በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 መጨረሻ ነው። ከዚያ በፊት ማዘጋጃ ቤት የጋብቻ ወረቀት የሰጠው ለአንዳንዱ ብቻ ነው። ስለዚህ በ1930ዎቹና በ40ዎቹ ያረፈን ሰው የምትፈልጉ ከሆነ መንገዱ በደብሩ፣ በእድሩና ቤት ውስጥ በተቀመጠው ወረቀት በኩል ነው።

መሪጌታ ሁልጊዜ ከቀብሩ ይጀምራሉ፤ ወደ ጋብቻው የሚሄዱት ከዚያ በኋላ ነው። ምክንያቱ የእድር መዝገብ ነው። እድር የሚከፍለው አባሉ ሲሞት ብቻ አይደለም፤ እናቱ፣ አባቱ፣ ወንድሙ፣ አማቱ ሲሞቱበትም እንደ ዝምድናው ቅርበት ይከፍላል። ጸሐፊው ገንዘቡን ሲያወጣ ለማን ልቅሶ እንደሆነ ይጽፋል። ስለዚህ የአንድ አባል ገጽ ከላይ እስከ ታች ሲነበብ፣ «የእናቱ ልቅሶ»፣ «የሚስቱ አባት ልቅሶ» እያለ በየመስመሩ ዘመድ ያወጣል። የሚስቱ አባት ስም ተገኘ ማለት ሌላ የዘር ሐረግ ተከፈተ ማለት ነው፤ የጋብቻው ወረቀት ቢጠፋ እንኳ። ከመቃብር ድንጋይ ይህን ያህል አይገኝም። እነ ቅዱስ ዮሴፍንና ጴጥሮስ ወጳውሎስን በመሳሰሉ ትልልቅ የመቃብር ስፍራዎች ድንጋይ እያነበበ የሚውል ሰው አለ፤ ነገር ግን ድንጋይ ይነሣል፣ ይሰበራል፣ ለድሃም አይቆምለትም። የእድር መዝገብ ግን ወርሃዊውን ለከፈለ ሁሉ እኩል ይጽፋል።

የደብሩ መዝገብ ላይ ሰው የሚጠፋው በክርስትና ስሙ ምክንያት ነው። ፍትሐት የሚደረገው በዓለም ስም ስላልሆነ፣ ቤተሰቡ «አስካለ» የሚላት አያት መዝገቡ ላይ «ወለተ ሚካኤል» ሆና ልትገኝ ትችላለች። የክርስትና ስሟን የሚያስታውስ ከሌለ መሪጌታ የነፍስ አባቷ ማን እንደነበሩና የትኛውን ወርሃዊ በዓል ትዘክር እንደነበር ይጠይቃሉ፤ ከዚያ ፍለጋው ይጠባል። በማዕረግም እንዲሁ ነው። አንዱ ሰው በወጣትነቱ በስሙ፣ ኋላ ግራዝማች እገሌ ተብሎ፣ ሌላ ቦታ ደግሞ በፈረስ ስሙ «አባ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ሦስቱን እንደ ሦስት ሰው የቆጠረ የዘር ሐረግ አይተናል።

ቀን ላይ ያላቸውን ጥንቃቄ ለየት አድርገን ማመስገን እንፈልጋለን። በእጅ ጽሑፍ ፮ እና ፯ በጣም ይመሳሰላሉ፤ ቀለሙ ከደበዘዘ ፲፱፻፴፮ ይሁን ፲፱፻፴፯ በዓይን መለየት ያስቸግራል። መሪጌታ አጠገቡ የተጻፈውን ወንጌላዊ ያያሉ። በዓመቱ ላይ 5500 ደምሮ ለ4 ማካፈል ነው፦ ቀሪው 1 ከሆነ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ያለ ቀሪ ከተካፈለ ዮሐንስ። 1936 ሲሆን 7436 ያለ ቀሪ ይካፈላል፤ ዮሐንስ ነው። 1937 ግን ማቴዎስ ነው። ስለዚህ «በዘመነ ማቴዎስ» ከተባለ ቁጥሩ ፯ ነው፤ ክርክር የለም። ወንጌላዊው ካልተጻፈ ደግሞ ሁለቱንም ዓመት ይጽፉና «አልተለየም» ይላሉ እንጂ አንዱን መርጠው አይሰጡም።

ቤተሰብ አጥብቆ የሚያስታውሰው ቀን የሞቱ ሳይሆን የተዝካሩ የሚሆንበት ጊዜ ብዙ ነው፤ የ40 መሆኑ ከተረጋገጠ ወደ ኋላ ቆጥሮ መዝገቡን እዚያ አካባቢ መፈለግ ነው። በጣሊያን ጊዜ፣ ከ1928 እስከ 1933፣ በጣሊያን ቢሮ የተጻፈ ወረቀት ካላችሁ ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። የእኛን ወደ ፈረንጅ ስትቀይሩ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል። ውጭ አገር ያላችሁ ዘመዶች የላካችሁልን ሰንጠረዥ ላይ 8 በሁሉም ወር ተደምሮ በተደጋጋሚ አይተናል፤ የመስከረምና የጥቅምት ሟች ሁሉ በአንድ ዓመት ይዛነፋል።

ወደ ጋብቻው ስንመጣ፣ በተክሊል ወይም በቁርባን የተጋባ ከደብሩ ሊገኝ ይችላል። በሰማንያ የተጋባው ግን ውሉ ቤት ውስጥ ነው፤ ሣጥን ሥር፣ ዳዊት ውስጥ ታጥፎ። ውሉ ሲገኝ ሙሽሮቹን ብቻ አንብባችሁ አትለፉ። የእማኞቹንና የዋሶቹን ስም አውጡ፤ አብዛኞቹ አጎት፣ ታላቅ ወንድም ወይም የአገር ሽማግሌ ናቸው። ደግሞ እስከ ሰባት ቤት ዝምድና እንዳይኖር ሽማግሎች በሁለቱም ወገን ትውልድ ይቆጥሩ ስለነበር፣ የቃሉ የዘር ሐረግ ከሁሉ ይልቅ በጥንቃቄ የተነገረው ለጋብቻ ሲሆን ነው። ያንን ሽምግልና የተቀመጠ ሰው በሕይወት ካለ ከማንኛውም መዝገብ በፊት እርሱን ቅረጹ። ሴቶቻችን ሲያገቡ የአባታቸውን ስም አለመለወጣቸው ትልቅ በረከት ነው፤ በእናት በኩል ያለው ሐረግ የሚያዝልን በዚህ ነው።

የዝምድና ቃል ግን ያሳስታል። መዝገቡ ላይ «ወንድሙ» የተባለው የአጎት ልጅ፣ «እናቱ» የተባለችው አሳዳጊ አክስት ልትሆን ትችላለች። መሪጌታ አንድ ዝምድና በሁለት የተለያዩ መዝገቦች ካልተደገፈ በእርሳስ እንጂ በቀለም አይጽፉም። ፊደልም አለ፤ ሀ፣ ሐና ኀን፣ ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን ጸሐፊው እንደመጣለት ነው የሚጽፈው። ስሙን በኮምፒውተር የምትፈልጉ ሁሉንም አጻጻፍ ሞክሩ፤ «ኃይሌ» እና «ሀይሌ» ለኮምፒውተሩ ሁለት ሰው ናቸው።

ከዚያ ወደ ኋላ ለሚሄድ፣ በገጠር አድባራት ወንጌል ወይም ሌላ ብራና ኅዳግ ላይ የርስትና የጉልት ጽሑፍ አለ፤ የሻጭ፣ የገዥና የምስክር ስም ይገኝበታል። ከ1970ዎቹ የፈረንጅ ዓመታት ጀምሮ ብዙ ብራና በማይክሮፊልም ተነሥቷል፤ ቅጂው ሚኒሶታ ኮሌጅቪል ባለው የሂል ቤተ መጻሕፍት አለ፣ ብዙውም በኢንተርኔት ይታያል። አሜሪካ ላላችሁ ይህ ቀላል በር ነው።

ክፍያቸው በቀን ነው፤ በተገኘ ስም ብዛት አይደለም። ይህን እናንተም ከማንም ጋር ስትዋዋሉ ያዙት፣ በስም የሚከፈለው ሰው ስም ይበዛለታልና። ፎቶ የሚያነሡት በመስኮት ብርሃን ነው፣ ያለ ፍላሽ፤ ጣት አርሶ ገጽ መግለጥን አይፈቅዱም። የቤታችሁን ሰማንያም ላሚኔት አታስደርጉ፤ ሙቀቱና ሙጫው ወረቀቱን ያበላሹታል፣ መልሶ ማላቀቅም አይቻልም። በክላሰር ውስጥ በንጹሕ ወረቀት መሐል ይበቃዋል።

መልእክት ስትልኩልን የሟቹን ስም ከነአያቱ፣ የክርስትና ስሙን፣ የተቀበረበትን ደብር፣ የነበረበትን እድርና የሰፈሩን የድሮ ስም ጻፉ። የቀበሌ ቁጥር ብቻ አይበቃም፤ ቀበሌ የመጣው ከ1967 ወዲህ ነው፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ተለዋውጧል። ለእድሩ ሊቀመንበር የሚሰጥ የቤተሰብ ደብዳቤና የመታወቂያ ቅጂ አዘጋጁ፤ ያለዚያ የትኛውም ጸሐፊ መዝገቡን አይገልጥም፣ ትክክልም ነው። በፍልሰታ ከነሐሴ 1 እስከ 15 መሪጌታ ሥራ አይቀበሉም፤ ከሐምሌ አጋማሽ በፊት ያላችሁን ላኩ፣ ካልሆነ መስከረም ከባተ በኋላ ይሁን።