ቀለል ያለ የፍቅር ልቦለድ ወይስ አስቂኝ ካርቱን?

የጅማ ክረምት ረጅም ነው፤ ዝናቡ ከያዘ ቤት መዋል የግድ ነው። ታዲያ የቱን ማንበብ ይሻላል?

ወጪ፦ ልቦለድ ያገለገለውን ገዝቶ፣ ሲጨርሱ ከጓደኛ ጋር መቀያየር ያዋጣል። ከመክፈልዎ በፊት የመጨረሻዎቹን ገጾች ይመልከቱ፤ በሙጫ ብቻ የተያያዘ መጽሐፍ ቶሎ የሚረግፈው ከዳሩ ነው። መጨረሻው የጎደለ የፍቅር ታሪክ ደግሞ እንዴት ያበሳጫል!
አስቂኝ ካርቱን በአማርኛ ታትሞ እምብዛም ስለማይገኝ በአብዛኛው በስልክ ይነበባል። ሥዕል ከጽሑፍ ይልቅ ዳታ ስለሚበላ ዋይፋይ ባለበት አውርዶ ማስቀመጥ ነው።

ጊዜ፦ ልቦለድ ጥቂት ምሽቶች ይፈልጋል። ካርቱን ሦስት አራት የሥዕል ሳጥን ነው፤ ጀበናው እስኪፈላ ብዙ ይነበባል።

አነባበብ፦ ካርቱን ላይ መቸኮል ጣዕሙን ያጠፋል። ስልኩን አግድም ያዙሩ፤ በየሳጥኑ መጀመሪያ ሥዕሉን፣ ቀጥሎ ንግግሩን ይዩ። ዓይን ቀድሞ መጨረሻው ሳጥን ላይ ካረፈ ቀልዱ ይከሽፋል። ልቦለድ ላይ ግን ረጅም የመልክ ገለጻ ዘለል ቢሉ ብዙ አይጎዳም።

አያያዝ፦ እርጥበት ወረቀትን ያሻግታል። መጽሐፍ ከግድግዳ ራቅ ብሎ ይቀመጥ፤ እርጥብ ሆኖ በፌስታል አይታሰር።

ፈተና የደረሰበት ተማሪ ካርቱን ይምረጥ፤ ልቦለድ «አንድ ምዕራፍ ብቻ» እያሰኘ ያነጋል። መብራት ሄዶ ስልክ መቆጠብ ሲያስፈልግ፣ በቀን ብርሃን ልቦለድ ይሻላል። ወደ አዲስ አበባ ለሚጓዝ ሁለቱም ይሆናሉ፤ የጊቤ ጠመዝማዛ ላይ ግን ማንበብ ስለሚያቅለሸልሽ ሁለቱንም ይዝጉ።