ለጋሼ መካኒኩ፣ እጅዎ ይባረክ

ይህን ምስጋና ሆን ብዬ ነው ያቆየሁት። ሞተር ተሠርቶ በወጣ ሳምንት የማይወደድ የለም። ሁለት ሰመር ልይበት ብዬ ነው።

መኪናዬ 1967 ሞዴል ኤምጂቢ ናት፣ የእንግሊዝ ስፖርት መኪና፣ ባለ ሁለት ወንበሯ ክፍት። ከፋብሪካ ስትወጣ ሞተሯ 1798 ሲሲ ነበር። አንድ ጋራዥ ሲሊንደሩን፣ ማለት ፒስተኑ የሚመላለስበትን ቀዳዳ፣ አስፍቶ 1950 ሲሲ አደረገልኝ። ጉልበቷን ወደድኩት። በአራተኛው ወር ግን በቨርጂኒያ ሙቀት፣ ትራፊክ መሃል ፈላችብኝ። የቴስታታው (የሞተሩ የላይ ክዳን) ጋርኒሲዮን፣ በክዳኑና በሞተሩ መሃል የሚገባው ማሸጊያ፣ ተቃጥሏል። ያማከርኩት ሁሉ “የሰፋ ሞተር አይታመንም፣ ተወው” አለኝ።

አሌክሳንድሪያ አካባቢ የሚሠሩ አንድ ሐበሻ መካኒክ ግን ሞተሩን ፈትተው አዩና “ልጄ፣ ማስፋቱስ ይሁን። የሲሊንደሩ ግድግዳ ምን ያህል ውፍረት እንደቀረው ማን ለካው?” አሉኝ።

የኤምጂቢ ሲሊንደር ስፋት 80.26 ሚሊሜትር ነው። 1950 ሲሲ ለመድረስ ወደ 83.5 ይሰፋል። ከግድግዳው ዙሪያውን 1.6 ሚሊሜትር ገደማ ይነሳል ማለት ነው። ብሎኩ፣ ሲሊንደሮቹን የያዘው የሞተሩ አካል፣ ያኔ ፋብሪካ ውስጥ ብረቱ ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ ሲፈስ ውስጡ ትንሽ ተዛንፎ ከሆነ አንዱ ጎን ሳስቶ ይቀራል። የእኔም እንደዚያው ሆኖ ተገኘ። ጋርኒሲዮኑ ደግሞ የመደበኛው ሞተር ነበር። ጠርዙ ወደ ሰፋው ሲሊንደር ገብቶ እሳቱ በላው። እኔ ይህን ሁሉ የት አውቄ!

ሌላ ብሎክ ፈለጉልኝ። ግድግዳውን በአልትራሳውንድ ከላይ፣ ከመሃል፣ ከታች ለኩና አልወደዱትም፣ መለሱት። ልኬቱን ያለፈው ሁለተኛው ብሎክ ነው። ሲሊንደሮቹን ያሰፉት ፒስተኖቹን አንድ በአንድ ለክተው፣ ለየራሳቸው ነው። ጋርኒሲዮኑንም በስፋቱ ልክ አመጡ። አራት ወር ፈጀ፣ አልደብቅም። የቸኮለ ሰው እሳቸው ጋ አይሂድ።

500 ማይል ስትሞላ ራሳቸው ደውለው ጠሩኝ። ቴስታታውን እንደገና አጠበቁ፣ ዘይት ቀየሩ፣ ሳንቲም አልተቀበሉኝም።

አሁን 11,000 ማይል ሄዳለች። ባለፈው ሐምሌ የስካይላይን ድራይቭን፣ የቨርጂኒያን የተራራ መንገድ፣ ዳገት ባለቤቴን ይዤ ወጣሁባት። የሙቀት መርፌዋ ከመሃል ንቅንቅ አላለችም።

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

አሮጌ ስፖርት መኪና ያላችሁ፣ ስልካቸውን በውስጥ መስመር ጠይቁኝ። ስትሄዱ ስንት ሲሲ እንደምትፈልጉ ከመናገራችሁ በፊት ብሎኩን አሳዩዋቸው።