ደሴ ገበያ የሚሸጠው የስንዴና ገብስ ቅይጥ ዘር ለማን ያዋጣል?

ሰኔ ሲቃረብ ደሴ የእህል ገበያ ከነጠላው ስንዴና ገብስ ጎን ቅይጡም በጆንያ ይደረደራል። ነጋዴው የሚያሞግሰው አንዱ ቢከዳ ሌላው ያበላል ብሎ ነው። እውነት አለው፤ ማሳው ከዳር እስከ ዳር አንድ ዓይነት ለሆነበት ገዢ ግን ቅይጡን አንመክርም።

ሁለቱ በአንድ ማሳ ይሻማሉ። ገብስ ፈጥኖ በቅሎ ይሰፋና ስንዴውን ያጠላበታል፤ ዝናብ ቀድሞ ቢያቋርጥም እሱ ያመልጣል። ውሃ ሲተኛበት ግን ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ይቀጭጫል። ስንዴ ዘግይቶ ይደርሳል፣ እርጥበቱንም ከገብስ ይልቅ ይችላል። ስለዚህ ከጭንጫው ዳገት እስከ ረባዳው ዋልካ (ውሃ የሚይዝ ጥቁር አፈር) በሚወርድ ማሳ ላይኛው ክፍል ገብስ ይበዛል፣ ታች ስንዴ ያይላል፣ አፈር በሚከማችበት እርከን ሥር ሁለቱም ተደባልቀው ይቆማሉ። ምርቱ አንድ አውድማ ላይ ሲገናኝ የከርሞው ዘር እንደገና ቅይጥ ነው። ሜዳው ወጥ ከሆነ ግን የራስን ዘር እየመለሱ ሲዘሩ በጥቂት ዓመት አንደኛው ሌላውን ይውጠዋል። ያኔ ቅይጥ ተብሎ የተገዛው ገብስ ብቻ ወይም ስንዴ ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ሲገዙ ከጆንያው አፍ ብቻ አይዝገኑ። መኪና ላይ ሲንገላታ በከረመ ጆንያ ውስጥ ክብደት ያለው ስንዴ ወደ ታች ይሰርጋል፣ ገብሱ ላይ ይቀራል። ከአፉ፣ ከወገቡና ከግርጌው አንዳንድ እፍኝ አውጥተው ያደባልቁና 200 ፍሬ ይቁጠሩ። ለደሴ ዙሪያ ተዳፋት ሁለት እጅ ገብስ፣ አንድ እጅ ስንዴ የሆነውን እንመርጣለን። «ጋሼ፣ የየት አገር ዘር ነው?» ብሎ መጠየቅም አይከፋም፤ ከቆላ የመጣ ስንዴ ደጋ ላይ አያምርበትም።

ትልቁ ጣጣ እንክርዳድ ነው። ፍሬው ከስንዴ ብዙም ስለማያንስ በሰፌድም በወንፊትም አይለቅም፤ ዱቄት ውስጥ ከገባ ራስ ያዞራል። እፍኙ ውስጥ ደጋግሞ ከታየ ጆንያውን ይተዉት። ከዚያ 100 ፍሬ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልለው 7 ቀን ያቆዩ። 85 እና ከዚያ በላይ ከበቀለ በብተና ለአንድ ጥማድ (ሩብ ሄክታር) 40 ኪሎ ይበቃል። 70 ብቻ ከሆነ 49 ኪሎ ግድ ይላል፣ የዋጋው ርካሽነት እዚያው ያልቃል። ከመበተን በፊት ሸራ ላይ ገልብጦ እንደገና ማደባለቅ አይረሳ።

ሻጭ የማይናገረው ሌላ ነገር አለ። ሲናር የተባለውን አረም ለማጥፋት ስንዴ ላይ የሚረጨው ፓላስ የተባለ መድኃኒት ገብሱንም ይጎዳል፤ ቅይጥ የዘራ ሰው ሲናርን በእጁ ሊያርም ነው። ዩሪያ ሲበዛ ደግሞ ረጅሙ ገብስ ይጋሸብና ስንዴውን ይዞት ይተኛል። በአንጻሩ የስንዴ ቢጫ ዋግ በሽታ ገብሱ መሀል ስለሚገባበት እንደ ልቡ አይዛመትም። በ2010 እ.ኤ.አ. ዋጉ የአገሪቱን ስንዴ እንዴት እንደመታ ለሚያስታውስ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የመድረሻ ጊዜያቸው ካልተቀራረበ ገብሱ ደርቆ ዛላው እየተሰበረ ስንዴው ገና እሸት ይሆናል፤ ዘግይቶ የሚደርስ ገብስና ቶሎ የሚደርስ ስንዴ የተቀየጠበትን ይጠይቁ። ለዳቦና ለጠላ ቅይጡ እንከን አይወጣለትም። ለቢራ ብቅል ግን ንጹሕ ገብስ ስለሚፈለግ ለዚያ ገበያ ላሰበ አይሆንም። ከደሴ ዝቅ ብሎ ሞቅ ባለው ኮምቦልቻ አካባቢ ጤፍና ማሽላ ለሚዘራውም አንመክርም።

ለከርሞ ዘር ሲያስቀሩ ከዳገቱም፣ ከእርከኑ ሥርም፣ ከረባዳውም ነዶ ይውሰዱ። ከአንዱ ጥግ ብቻ ከተወሰደ በዓመቱ ተመልሰው ገበያ ይወጣሉ።