ሕክምናው አልቆ ጭንቀቱ ሲቀር፦ የትኛው አፕ ይሻላል?

እህቴ የካንሰር ኬሞዋን ከጨረሰች ዓመት ሊሞላት ነው። የክትትል ሲቲ ስካን ሲቃረብ ግን እንቅልፍ የላትም። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ተነስታ አልጋው ጫፍ ላይ ቁጭ ትላለች። «ተመልሶ ቢሆንስ?» ነው ጭንቀቷ ሁሉ። እዚህ አሜሪካ ሆነን ሦስት አፖች አብረን ሞከርን።

ሄድስፔስ የሚባለው የሜዲቴሽን (አእምሮን የማረጋጋት ልምምድ) አፕ ደስ ይላል። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ ለእንቅልፍ የሚሆን ትረካና ሙዚቃ ሞልቶታል። በወር 12.99፣ በዓመት 69.99 ዶላር ነው። የሙከራ ጊዜው ሳያልቅ ካልሰረዛችሁት ከካርዳችሁ ይቆርጣል። ስለዚህ ባወረዳችሁበት ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ ያዙ። ለካንሰር ታማሚ ተብሎ ግን አልተሠራም።

ማይንድፉልነስ ኮች የሚባለውን፣ ትንፋሽን በመከተል መረጋጋትን የሚያለማምደውን አፕ የሠራው የአሜሪካ የቀድሞ ወታደሮች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ነው። ወታደር መሆን አያስፈልግም፣ ማንም ያወርደዋል። ነፃ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ አካውንት ክፈቱ አይልም። መልኩ እንደ ሄድስፔስ አያምርም። እህቴ ግን የያዘችው ይሄንን ነው። ሆስፒታል ተራ ስትጠብቅ አንዱ ጆሮዋ ላይ ማዳመጫ ታደርጋለች፤ ሌላው ስሟ ሲጠራ እንዲሰማ ክፍት ነው። እግሯን መሬት ላይ አስደግፋ ትንፋሿን ትከተላለች። ትከሻዋ ዝቅ ሲል አያለሁ።

አካውንት አለመጠየቁን ቀላል ነገር አታድርጉት። በ2023 ቤተርሄልፕ የተባለው በኢንተርኔት የሥነ ልቦና ምክር የሚሰጥ ድርጅት የደንበኞቹን የጤና መረጃ ለማስታወቂያ አሳልፎ ሰጥቷል ተብሎ ለደንበኞች 7.8 ሚሊዮን ዶላር እንዲመልስ ተደርጓል። የካንሰር ታሪካችሁን ከመጻፋችሁ በፊት መረጃው የት እንደሚሄድ አንብቡ።

አንታየር የሆላንድ ሥራ ነው፤ ለካንሰር ድካም ብቻ የተዘጋጀ። «ተኝቼ ብነሳም ደክሞኛል» የሚል ሰው ካለ እሱን ያሳዩት። በ2020 በታተመ ጥናት 799 ሰዎች ተሳትፈው፣ ከ12 ሳምንት በኋላ አፑን ያገኙት ካላገኙት ይልቅ ድካማቸው ቀንሷል። ድካሙ ሲቀል ደግሞ ሆድ መባሱም ሊቀል ይችላል።

ሦስቱንም የተጠቀምነው በእንግሊዝኛ ነው። እንግሊዝኛ ለማይቀናቸው እናትና አባት አጠገባቸው ቁጭ ብሎ መተርጎም የግድ ነው። እኔ ብሆን በነፃው እጀምራለሁ፤ እንቅልፍ ጨርሶ እምቢ ካለ ብቻ ሄድስፔስን በወር እከፍላለሁ፣ በዓመት አይደለም።

«መኖር አስጠልቶኛል» ማለት ከመጣ ግን አፕ አይበቃም። አሜሪካ ላላችሁ 988 የሚባለው የአደጋ ጊዜ የስልክ መስመር ቀንና ሌሊት ክፍት ነው፣ በነፃ። ስትደውሉ «አምሃሪክ» በሉ፣ አስተርጓሚ ያገናኟችኋል።